በቁም ሳጥን የተሰቀለው ሸራ

መርከቧ ሁሉም ነገር ነበራት፤ ድምፅ ብቻ አልነበራትም። ሁለት ምሰሶ፣ ከወደ ኋላ ከፍ ያለ ወለል፣ በቅባት የጠቆረ እንጨት፣ እንደ ትልቅ ክንፍ ሰያፍ ሆኖ የሚሰቀል ሸራ። ቀይ ባሕርን ከዳር እስከ ዳር ስትመላለስ ኖራ ሞተር ሲመጣ የቀረች የንግድ ጀልባ ናት። ላፕቶፑ ላይ ስከፍታት ውኃውን እየሰነጠቀች ትሄዳለች፤ ግን ጭጭ። ድምፁን የዘጉት ቴሌቪዥን ነው የምትመስለው። ያንን ድምፅ እንዲያመጣ የተመደበው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። እኔ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቄራ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምኖር፣ ከሐዋሳ ሐይቅ የሰፋ ውኃ በዓይኔ አይቼ የማላውቅ።

ጌሙ የማንም አይደለም። ማለቴ፣ ደሞዝ የሚከፍል፣ ቢሮ ያለው ድርጅት የለውም። ድሮ የሸራ መርከቦች ጌም ነበር። የሠሩት ሰዎች ተዉት፤ ይወዱት የነበሩት ግን አልተዉትም። እንግዲያው ራሳችን ከባዶ እንሠራዋለን ብለው በየአገራቸው ቁጭ አሉ። አንዱ ከሥራ ሲመለስ ምሰሶ ይስላል፤ ሌላዋ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ የንፋሱን ሒሳብ ትሠራለች። ሁሉም በነፃ ነው። የምንገናኘው በአንድ ግሩፕ ውስጥ በጽሑፍ ስለሆነ የአብዛኞቹን ፊት አላውቀውም።

እኔ የገባሁት በዝናብ በኩል ነው። ወንድሜ ለሙከራ የወጣውን ጌም ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ፣ «ይሄ ዝናብ ነው? ሽንኩርት እየተጠበሰ ነው የሚመስለው» አልኩት።

«ታዲያ አንቺ የተሻለ አምጪያ!» አለኝ። ሊያናድደኝ ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ስለሚበልጥ ማናደድ ሥራው ነው።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። የጥበቃው ቤት ላይ በተወጠረው ሸራ ሥር ስልኬን ይዤ ቆምኩና ቀዳሁት። ወንድሜ ግሩፑ ውስጥ ለጠፈው። መልስ ሲመጣ ተጠቅልዬ ተኝቼ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ገፎ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነብኝ። «ይህን የቀዳው ማን ነው? ሌላም አለው?» ይላል። ዝናቤን ወሰዱት! አሁን በዚያ ጌም ውስጥ የትም ባሕር ላይ ዝናብ ቢጥል፣ የሚጥለው የእኛ ግቢ ዝናብ ነው። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷም አላመነችኝም፤ እኔ ግን በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት ረግጬ አልሄድኩም።

የድምፅ ሰዎች አሠራር የራሱ ሕግ አለው። እሑድ እሑድ የሳምንቱ ድምፆች ያለ ባለቤት ስም ይለጠፋሉ። ማን እንደቀዳው ማንም አያውቅም። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ከሁለት ቃላት አንዱን ይጽፋል፤ «ባሕር» ወይም «ክፍል»። ባሕር ማለት አምኛለሁ፣ መርከብ ላይ ነኝ ማለት ነው። ክፍል ማለት አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሲያስመስል ይሰማኛል ማለት ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም። ሌላም ሕግ አለ፤ ድምፅዋ ያልተሟላ መርከብ ወደብ ትቀራለች። ከአዲስ ዓመት በፊት አዲሱ ጌም ሊወጣ ነው፤ ያለቁት መርከቦች ይወጣሉ፣ ያላለቁት ይቀራሉ። በኋላ ይጨመራሉ ይባላል እንጂ፣ ከዚያ በፊት ወደብ ከቀሩት ውስጥ የተጨመረች አንድም አላየሁም።

ሌሎቹ የድምፅ ሰዎች ትልልቆቹን መርከቦች፣ ባለ መድፎቹን ይዘው ነበር። ይቺን ጀልባ ማንም አልፈለጋትም። እኔ ፈለግኳት። ቀይ ባሕር ከሌሎቹ ባሕሮች ሁሉ ለእኛ ቅርብ ነው ብዬ ነው መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ ማንም ስላልፈለጋት።

ቀላሉን ነገር ቶሎ ጨረስኩት። ማዕበሉን ከጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ውስጥ አገኘሁት፤ ግማሽ ሲሆን ወንድሜ ያንገላታዋል፣ እኔ እቀዳለሁ። የሸራውን መርገብገብ ቄራ አካባቢ የጭነት መኪና ሸራ ከሚሰፉ ሰዎች ሱቅ ደጃፍ ቀዳሁት። ሁለቱም «ባሕር» ተባሉ። የእንጨቱ መንቋቋት ግን እምቢ አለኝ። የእንጨት ወለል ያላቸው አሮጌ ቤቶች ካዛንቺስ እንደነበሩ ትዝ ብሎኝ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ሰፊ መንገድ፣ አዳዲስ የመብራት ምሰሶ፣ ገና ያልጸደቀ ሣር። ቤቶቹ የሉም። የቀዳሁት የብስክሌት መንገድ ላይ የሚሮጡ ሕፃናትን ነው፤ ለመርከብ አይሆንም።

ከሁሉም የከበደው ግን ሸራ መስቀሉ ነበር። ግሩፑ ውስጥ «አጣሪው» የምንለው ሰው አለ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ መርከቦቹ የዘመናቸውን እውነት እንዲይዙ የሚያጣራው እሱ ነው። የጀልባዋን እያንዳንዱን ክፍል ከድሮ ሥዕሎች እያስተያየ በእጁ የሣላት እሱ ነው። እሱ ሲያስረዳኝ፣ በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ላይ መሣሪያ የለም። ሸራው የተንጠለጠለበት አግዳሚ እንጨት እንደ ጀልባዋ ቁመት ይረዝማል። መርከበኞቹ ሁሉ አንድ ገመድ ይይዛሉ፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይስባሉ። «ያ ጩኸት ከሌለ ሸራው አይወጣም» ብሎ ጻፈልኝ። «ቃላት ግን አልፈልግም። የየት አገር ሰው እንደሆኑ የሚያሳብቅ ቃል አይኑር። ትንፋሽና ድምፅ ብቻ።»

ወንድሜና አራት ጓደኞቹን ለመንኳቸው። ግቢያችን ውስጥ ካለችው የኳስ ግብ ላይ ገመድ አስሬ፣ እንደ መርከበኛ ጩኹ አልኳቸው።

«መርከበኛ እንዴት ነው የሚጮኸው?» አለ አንዱ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሳቡና ጩኹ።»

«ሆ» አሉ።

«ኧረ በናታችሁ! ቀበሌ ስብሰባ ነው እንዴ?»

«ሆ!» ጎሉ ንቅንቅ ሳይል እነሱ ይንጠራራሉ። አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ገመዱን ለቀቀ፤ ቀሪዎቹ አንድ ላይ ወደ ኋላ ተደፉ። ከፎቅ አንዲት ሴትዮ፣ «ልብሴ ላይ አቧራ አታስነሱብኝ!» አለች። የተሻለውን ቆርጬ ላክሁት።

እሑድ ሁሉም አንድ ነገር ጻፈ። ክፍል። ክፍል። ክፍል። አጣሪው ብቻ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፤ «እነዚህ ሰዎች የሚስቡት ምንም ነገር የለም።»

ወንድሜ ሲያነብ ተቆጣ። «የኔን ጉልበት ነው የሚሰድበው?» እኔ ግን አልተቆጣሁም፤ እውነቱን ነው። ክብደት የሌለው ጩኸት ነበር። እውነተኛ ክብደት ደግሞ ከየት ላምጣ? ጌሙ የሚወጣበት ቀን እየቀረበ ነው፣ ጀልባዬ ወደብ ልትቀር ነው።

ክብደቱ ግን ከጥበቃው ቤት አጠገብ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር። በየቀኑ ነው በአጠገቡ የማልፈው።

የእኛ ብሎክ ደረጃ ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ አልጋ የሚገባው በበር ሳይሆን በበረንዳ ነው። ገመድ ታስሮ ከላይ ይሳባል። ማንም አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤት ይጠራል፤ ወንዶቹ ይስባሉ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ይመክራል። እኛ ራሳችን ስንገባ የእናቴ ቡፌ እንዲያ ነው የወጣው። ያን ጊዜ ትንሽ ነበርኩ፤ ጩኸቱ አስፈርቶኝ አልቅሻለሁ ይሉኛል።

ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ መጥተው ነበር። ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው ፈርሶ ነው። ወሎ ተወልደው ካዛንቺስ ያረጁ፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ የማያወርዱ፣ ድምፃቸው ግን ሦስት ፎቅ ወርዶ የሚሰማ። ዕቃቸው ሁሉ ገብቶ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ከዝግባ የተሠራ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ነው። ልጃቸው አናጺ ጠርታ አስፈትታ በደረጃ ልታስገባው ነበር። ይህን የሰማሁት ጠዋት ላይ ከእናቴ ነው። ዳቦዬን ሳልጨርስ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

«እማማ፣ ቁም ሳጥኑን አያስፈቱት!»

ቁርስ ላይ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ። «ደግሞ አንቺ ማን ነሽ?»

«ከታች… ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። በገመድ እናውጣው። ልጆቹን እኔ አመጣለሁ።»

«ልጆቹ ወድቆ ቢሰበርባቸውስ? ከባለቤቴ ጋር ስንጋባ የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ብሎን አልተነካም።»

«ቢፈታማ መልሶ አይገጥምም» አልኩ። ይህ እውነት ነው፤ አናጺዎች ራሳቸው ይሉታል። ግን የመጣሁበት ምክንያት እሱ ብቻ እንዳልሆነ ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ፣ እማማ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«አንቺ ከዚህ ምን ትፈልጊያለሽ? እውነቱን ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ስለ ጌሙ፣ ስለ ጀልባዋ፣ ስለ ሸራው፣ ስለ «ክፍል» ሁሉንም። ልጃቸው ከኩሽና በር ላይ ቆማ አፏን ይዛ ትስቃለች። እማማ ግን አልሳቁም።

«ጀልባዋ ወዴት ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ከምጽዋ ጅዳ፣ ከጅዳ ምጽዋ።»

«የአባቴ አክስት በሷ ነው ሐጅ የሄደችው» አሉ። «በሸራ። እኔ አልደረስኩባትም፣ እናቴ ናት የምትነግረን። ተመልሳ ስትመጣ ሰው ሁሉ ስለ መካ ንገሪን ይላታል፤ እሷ የምታወራው ግን ስለ ማስመለስ ነው። አሥር ጊዜ ሞቼ ተነሣሁ ትላለች።» ከዚያ ልጃቸውን ዞረው አዩ። «ለአናጺው ደውለሽ ተወው በይው።»

«እማዬ!»

«በይ ነው ያልኩሽ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ቦታ ቢቧጨር የምይዘው አንቺን ነው። ደግሞ የማዘው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ካዘዘ ይቅር።»

«እሺ እማማ!»

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ለብዙ ቀን የዘነበው አቁሞ ፀሐይ ወጥታለች። ወንድሜ ጓደኞቹን ጠራ፤ አንዱ ቄራ ሥጋ የሚሸከም ስለሆነ ክንዱ ብቻውን የእኔን ወገብ ያህላል። የግቢያችን ጥበቃ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ከታች ሆነው ሳጥኑ ግድግዳውን እንዳይመታ በሌላ ገመድ ሊይዙት ቆሙ። ሳጥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ታሰረ። የወንድሜን ስልክ ካልሲ አልብሼ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እንጨቱ ሲንቋቋ እንዲይዝልኝ። የእኔን ስልክ ሳሎን ውስጥ መጋረጃው ላይ ሰቀልኩ። ለሁሉም፣ «እየቀዳሁ ነው፣ ድምፃችሁ ጌም ላይ ይገባል፣ የማይፈልግ ይንገረኝ» አልኩ። ቄራ የሚሠራው፣ «በምን ቋንቋ ነው የምሳደበው?» አለ።

«በማንኛውም። ቃላቱን ቆርጬ አወጣለሁ።»

«እሱማ ከቆረጥሽ የኔ ምንም አይቀርም» አለ፤ ሳቁ።

በረንዳዋ ጠባብ ናት፤ የሚስቡት ሰዎች አይበቁባትም። ስለዚህ ገመዱ ከበረንዳው በሳሎኑ አልፎ እስከ ኩሽናው በር ተዘረጋ፣ እነሱም በሰልፍ ያዙት። እንዲህ ሲሆን ሳጥኑን የሚያየው ሰው የለም ማለት ነው። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ይስባል። የት እንደደረሰ የሚያየው በረንዳው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ በረንዳው ላይ ደግሞ እማማ ዱካ አስደርገው ተቀምጠዋል።

«ያዛችሁ?» አሉ።

«ይዘናል!»

«ኧረ ና…!»

«ሆ!»

«ና ጌታዬ…!»

«ሆ!»

ሳጥኑ ከመሬት ተነሣ። የሰማሁት ድምፅ፣ በኳስ ጎሉ ላይ ከሰማሁት ጋር በምንም አይገናኝም። ከሆድ ነው የሚወጣው። ገመዱ የበረንዳውን ብረት ሲፈትግ ይንሰቀሰቃል፤ እግራቸው የሳሎኑን ወለል ይረግጣል፤ እማማ ሲጠሩ ድምፃቸው ይረዝማል፣ መጨረሻው ላይ ይወጣል፤ እነሱም ልክ እዚያ ላይ ይቀበላሉ።

«ብርቱካን ነው እንዴ የምትለቅመው? ሳበው!» ይላል ከኋላ ያለው።

«አንተ ከኋላ ሆነህ የምትስበው ሱሪህን ነው!»

«ዝም በሉና ሳቡ! ኧረ ና…!»

«ሆ!»

ሁለተኛውን ፎቅ አለፈ። የእኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንድሜ ጮኸ፤ «ምንድን ነው?» እኔ ወደ በረንዳው ሮጥኩ። የሳጥኑ እግር የእኛን ዲሽ ይዟል። የእኛኑ! ጋሼ ከታች ገመዳቸውን ይወጥራሉ፣ ሳጥኑ ግን ዞሮ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ክብደቱ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ባሉት ሰዎች ክንድ ላይ ወደቀ።

«እመብርሃን!» አለ አንዱ።

«ያ አላህ፣ ያ አላህ» አለ ሌላው።

«እንልቀቀው? ይወርዳል!» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ተሰብሯል። እኔ ያን ጊዜ ቀረጻውን ረስቼዋለሁ። የማስበው ስለ ዝግባው ብቻ ነው፤ ስላልተነካው ብሎን።

እማማ ከዱካው ተነሡ። የበረንዳውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች አዩ። «ማንም እንዳይናገር» አሉ። «ትንፋሽ ያዙ።» የተወጠረው ገመድ ብቻ ይጮኻል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እንጨትም ይመልስለታል፤ ጥርጥርጥር፣ እንደ ሰው ማቃሰት። «ልጄ፣» አሉ ወደ ጋሼ፤ ጋሼ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ «ወደ ራስህ ሳበው። ትንሽ። ሌላ ትንሽ። ይኸው ለቀቀ…» ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው በሙሉ ድምፃቸው፤

«አሁን! ኧረ ና…!»

እንደዚያ ያለ «ሆ!» ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሳጥኑ እንደ ላባ ተነሣ። ሦስቴ ሳቡና የበረንዳውን ብረት ዘሎ ገባ። ወንድሜና ቄራ የሚሠራው ተቃቅፈው መሬት ላይ ተዘረጉ። ከታች ጋሼ ጭብጨባ ጀመሩ፤ ከየበረንዳው ያየው ሁሉ ተቀበላቸው። እማማ ብርድ ልብሱን ገልጠው ሳጥኑን ዙሪያውን በእጃቸው ዳበሱ። አንድም ጭረት የለም። የእኛ ዲሽ ግን ወደ መሬት እያየ ነበር፤ አባቴ ለአንድ ሳምንት ኳስ ማየት አልቻለም፣ እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

ወረድኩና ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቼ አዳመጥኩ። አለቀስኩ፤ ማለቴ፣ በደስታ። ሁሉም ነገር ነበረው። እንጨቱ ነበር፤ ካዛንቺስ ድረስ ሄጄ ያጣሁት መንቋቋት ከካዛንቺስ መጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስድቡን፣ «ብርቱካን»ን፣ «ሱሪ»ን ሁሉ ቆረጥኩ። ከእማማ «ኧረ ና» ቃሉን አወጣሁና የተጎተተውን ድምፅ አስቀረሁ። እሑድ ለጠፍነው።

ባሕር። ባሕር። ባሕር። ባሕር። ንፋሱን የምታሰላው ሴት፣ «ስሰማው እጄን አየሁ፣ ገመድ የያዝኩ መስሎኝ» ብላ ጻፈች። እኔ ላፕቶፑ ፊት እየዘለልኩ ነበር፤ ወንድሜ ትራሱን ወርውሮ መታኝ፣ ከዚያ ራሱም ዘለለ።

መጨረሻ ላይ አጣሪው መጣ። «ባሕር» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ፤ «ግን የሚጠራው ድምፅ የሴት ነው። በእነዚህ ጀልባዎች ላይ ሴት መርከበኛ አልነበረችም። ያንን ድምፅ አውጥተሽ በወንድ ተኪው። ካልሆነ በዚህ ዙር ልናስገባት አንችልም።»

መዝለሌን አቆምኩ።

ላወጣው ሞክሬ ነበር፤ እውነቴን ነው። የእማማን ድምፅ ቆረጥኩና አዳመጥኩ። የቀረው የተበተነ ነገር ሆነ። እያንዳንዱ «ሆ!» የሚነሣው ከእሳቸው ድምፅ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሳቸው ከሌሉ ሰዎቹ ያለ ምክንያት ይጮኻሉ። ወንድሜ፣ «እኔ ልጥራ፣ ቀድተሽ ለጥፊው» አለ። ሞከርነው። ልክ የኳስ ጎሉ ጩኸት ሆነ።

እስከዚያ ድረስ በግሩፑ ውስጥ ከ«እሺ» እና ከ«አመሰግናለሁ» ያለፈ ጽፌ አላውቅም። እንግሊዝኛዬ ያስፈራኛል፤ ሰዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አጣሪው ደግሞ መምህር። ወንድሜ፣ «በቃ ተይው፣ እሱ ያለው አይቀየርም» አለኝ። እኔ ግን የአጣሪውን ሥዕል እንደገና ከፈትኩት። ሥዕሉን ካወቅሁት ጀምሮ ምሰሶና ገመድ ነበር የማይበት። ያን ቀን ሌላውን ሁሉ አየሁ። ካየሁት በኋላ እጄ ራሱ ነው የጻፈው። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት፤ የማስበው በአማርኛ ስለሆነ። ከዚያ ቃል በቃል እየታገልኩ ወደ እንግሊዝኛ አዞርኩት። አማርኛው እንዲህ ይላል፤

«የጀልባዋን ሥዕል የሣሉት እርስዎ ነዎት። ከወደ ኋላ፣ ከመሪው አጠገብ፣ ከሰሌን የተሠራ ጥላ ሥለዋል። ከሥሩ የውኃ እንስራ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍና ትንሽ ሣጥን አለ። ጎኑ ላይ በእጅዎ የሐጅ መንገደኞች ብለው ጽፈዋል። ጥላው ሥር ግን ሰው አልሣሉም። መንገደኞቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ? የጎረቤቴ የአባታቸው አክስት እንዲህ ባለ ጀልባ ከምጽዋ ተነሥታ ጅዳ ሄዳለች። ባሕሩን ለቤተሰቧ የነገረችው እሷ ናት። ይህ ድምፅ የመርከበኛ ነው አላልኩም። ያላት ሁሉ በአንድ ሣጥን ተጠቅልሎ ከታች የተጫነ፣ ሸራው ሲያዝ አይታ ዝም ብላ መቀመጥ ያልቻለች መንገደኛ ናት። መርከበኞቹ ሊቆጧት ይችሉ ነበር። ግን ሸራው ሲወጣ ሰምተዋታል። ካወጣኋት ሸራው አይወጣም፤ ሞክሬዋለሁ። እባክዎ እንደገና ያዳምጡት፤ በዚህ ጊዜ ከጥላው ሥር ተቀምጠው።»

ላክሁትና ላፕቶፑን ዘጋሁት። እናቴን ሽንኩርት ልላጥ ብዬ ጠየቅኳት፤ ታመምሽ እንዴ አለችኝ። ሽንኩርቱን ላጥኩ፣ ድንቹንም፣ ያልታዘዝኩትን ካሮትም። ወንድሜ ከክፍሉ ጮኸ፤ «ነይ! ነይ! መለሰ!»

አጣሪው እንዲህ ብሎ ነበር፤ «ሥዕሉን ከፍቼ፣ ጥላው ሥር ተቀምጬ አዳመጥኩ። ለመንገደኞች ቦታ ሠርቼ መንገደኞቹን ረስቻለሁ። ድምፁ ይቆያል። ጀልባዋ ትወጣለች። ጥላው ሥር ሰዎች እየሣልኩ ነው፤ ሴቲቱ ምን እንደምትለብስ ጎረቤትሽን ጠይቂልኝ።»

ወንድሜ አንብቦ ሲጨርስ ዞሮ አየኝ። «አንቺ ነሽ ይህን የጻፍሽው?»

«ማን ይመስልሃል?»

«አይ… እንዲህ መጻፍ ትችያለሽ እንዴ?»

«እችላለሁ» አልኩ። ስናገረው ራሴ ሰማሁት። እችላለሁ! ከዚያ ወዲህ እየጻፍኩ ነው፤ ይህንንም ጨምሮ።

ጌሙ የወጣ ቀን ላፕቶፑን ይዘን አራተኛ ፎቅ ወጣን። ጋሼ ተረኛ ባይሆኑም መጡ። ቄራ የሚሠራው የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ በር ላይ ቆመ፤ ሶፋው እንዳይቆሽሽ ነው። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ ሳጥኑን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጀልባዋን ከፈትኩ። ከጥላው ሥር አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሸራ መስቀያውን ቁልፍ ስጫን የእማማ ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ፤ ረዘመ፤ ከዚያ ሁሉም፤ «ሆ!»

«እኔ ነኝ! ያቺ የኔ ናት!» አለ ቄራ የሚሠራው።

«ያንተማ ሳሉ ነው» አሉ ጋሼ።

ከነሳጥኑ፣ ከነገመዱ፣ ከነእግራቸው፣ ብሎኩ በሙሉ ሸራውን ወደ ላይ ይስበዋል። አግዳሚው እንጨት እየተንቋቋ ወጣ፤ ወጣ፤ ምሰሶው ጫፍ ደረሰ። ሸራው ንፋስ ያዘና ተወጠረ። እማማ እስኪያልቅ በተቀመጡበት አዳመጡ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ምን ጭናለች?»

«ቡና፣ ቆዳ፣ ማር። መንገደኞች።»

«ውኃ ይዘዋል?»

«ይዘዋል፣ እማማ። እንስራዎቹ ያውላቸው።»

እንስራዎቹን ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። ሴትዮዋን አዩ። ሸራውን አዩ።

«ታዲያ ምን ታስቆሚያታለሽ?» አሉኝ። «ልቀቂያት እንጂ፤ ንፋሱ እያለ።»

ለቀቅኋት።